አየሩ በሳሳበት ዳገት ቱርቦ እንዴት ይመረጣል?

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የሚወጣ የጭነት መኪና፣ ከጫነው አንድ ኩንታል ሳያወርድ ጉልበቱን በየዳገቱ እያራገፈ ይሄዳል። ፎገራ ሜዳ ላይ እንደልቡ ሲሮጥ የነበረው ሞተር ደብረ ታቦር ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፤ የጉናን ተራራ በስተቀኝ ትቶ ክምር ድንጋይን አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ ሲያቀና ደግሞ ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦት እንኳ እያቃሰተ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭነቱ ያው ነው፣ ናፍጣውም ያው ነው። የተለወጠው አየሩ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር ወደ 2700፣ ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ። ከዚያ ወዲያ ወደ ታች ጋይንት ዋና ከተማ ወደ አርብ ገበያ የሚሻገር፣ ወይም በስማዳና በእስቴ የሚመላለስ መኪና፣ በበሽሎና በዓባይ ገባር ሸለቆዎች አፋፍ ላይ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል።

በዚህ ደጋ ላይ ጉልበት የሚፈትን ጉዞ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ ከፍታ ላይ ነበር፤ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ገመድ የጎተተው ሰውም ሆነ ዛሬ ድንችና እህል የሚጭነው አይሱዙ ጉልበታቸው ከአንድ ቦታ ይመነጫል፤ ምግቡን ወይም ናፍጣውን ከኦክስጅን ጋር ከማዋሃድ። ኦክስጅኑ ሲያንስ ሁለቱም ይደክማሉ።

ለዚህ ድካም ባለንብረቶች የሚያነሱት መድኃኒት ቱርቦ ነው። ቱርቦ ሳይኖረው ከፋብሪካ የወጣ ሀርድቶፕ ወይም የቆየ አይሱዙ ላይ ከውጭ የመጣ ቱርቦ ማስገጠም ይቻላል፤ ቱርቦ ያለውንም በሌላ፣ ተለቅ ባለ ቱርቦ መቀየር ይቻላል። ጥያቄው የትኛው እንደሚበጅ ነው። ሻጩ የሚነግረን የፈረስ ጉልበት ቁጥር ነው። እኔ ግን ያ ቁጥር ለጋይንት ሰው ከሁሉ ያነሰ ጥቅም ያለው መረጃ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የተለካው አየሩ በጠገበበት በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አንድ ቱርቦ 3000 ሜትር ላይ ሲወጣ በሥራው ሌላ ዕቃ ይሆናል።

ሒሳቡን በአንድ የታወቀ ሞተር ላይ እንሥራው። በአገራችን ገጠር መንገድ ሁሉ የሚታየው የቶዮታ ላንድክሩዘር ሀርድቶፕ ብዙውን ጊዜ የሚነዳው 1ኤችዜድ በሚባለው፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር መጠን ባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም። በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር በደቂቃ ወደ 3500 ሊትር አየር ይስባል። ይህ የሊትር ቁጥር ጅቡቲ ወደብ ላይም ጉና ግርጌም ያው ነው፤ ሲሊንደሩ አልጠበበም አልሰፋም። የሚለየው በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ 3000 ሜትር ላይ ወደ 0.7 ባር ይወርዳል። ሙቀቱ በሁለቱም ቦታ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ ያው 3500 ሊትር ታች ላይ 4.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ላይ ደግሞ 3 ኪሎ ግራም። ሞተሩ በየደቂቃው ከአንድ ኪሎ በላይ አየር ጎደለበት ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ለመቃጠል ወደ 14.5 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በተግባር ናፍጣውና አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ጥግ እስከ ጥግ ስለማይደባለቁ፣ ሳያጨስ እንዲነድ ወደ 18 ኪሎ ቢያገኝ ይመረጣል። በዚህ ልክ ስንሄድ ሞተሩ ታች ላይ በደቂቃ 240 ግራም ያህል ናፍጣ በንጽሕና ያቃጥላል፤ 3000 ሜትር ላይ ግን 165 ግራም ብቻ። የድሮው ዓይነት መካኒካል ፓምፕ ይህን አያውቅም። አንዳንዱ ፓምፕ ከፍታን ተከትሎ ናፍጣ የሚቀንስ ማካካሻ ተገጥሞለታል፤ ማካካሻው የሌለው ወይም የተበላሸበት ፓምፕ ግን ወረታ ላይ የሚረጨውን ያህል ነፋስ መውጫ ላይም ይረጫል። 240 ግራም ናፍጣ ለ3 ኪሎ አየር ሲቀርብ ለአንድ ኪሎ ናፍጣ የሚደርሰው አየር 12.5 ኪሎ ነው። ያ የሚያፍነን ጥቁር ጭስ እንግዲህ የተገዛ፣ የተረጨ፣ ግን ያልነደደ ናፍጣ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ የሞተር ባለሙያዎች ያውቁታል፣ ባለንብረቶች ግን እምብዛም አይነገራቸውም። ዳገት ላይ የሚያጨስ ሞተር ናፍጣ አላነሰውም። አየር ብቻ ብንጨምርለት፣ የፓምፑን ብሎን ሳንነካ፣ ጭሱ ይጠፋል፣ ጉልበቱም ይመለሳል። ቱርቦ ሲገጠም መካኒኩ ወዲያው ፓምፑን ከፍቶ ናፍጣ ለመጨመር የሚቸኩልበት ልማድ ለቆላ ሞተር ይሠራ ይሆናል፤ ለጋይንት ግን አስቀድሞ አየሩን ሰጥቶ ጭሱን ማየት ይገባል።

ቱርቦ ይህን አየር የሚሰጠው ሞተሩ ከሚጥለው ነገር ነው። አንጥረኛ ከሰሉን ለማጋል በወናፍ አየር ያስገባል፤ ወናፉን ግን ረዳቱ በእጁ ነው የሚገፋው። ቱርቦ የራሱን ወናፍ እሳቱ ራሱ እንዲገፋ ያደርጋል። ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ሞቃትና ገና ግፊት ያለው ነው፤ በማርሚታው በኩል ከመውጣቱ በፊት ተርባይን የሚባለውን ባለክንፍ መዘውር ያሽከረክራል። ተርባይኑ በአንድ ሻፍት ከሌላ መዘውር ጋር ተያይዟል፤ ያኛው ኮምፕሬሰር ይባላል፣ ከፊልትሮው የመጣውን አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ሻፍቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ የተሸከመውም ሌላ ሳይሆን ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር ይከፈትና ከጭሱ የተወሰነው ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የአሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቁጥር ሞተራቸው ይደክም ነበር። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባልደረባ የነበረው ሞስ ቱርቦ የሠራለትን ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1918 በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው፤ ቁመቱ 4300 ሜትር ነው፣ ከጉና ብዙም አይበልጥም። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ሰጠ። ቱርቦው ሲሠራ 356 ሆነ። ልብ ማለት የሚገባው የዚህን ሙከራ ዓላማ ነው። ሞስ ከሞተሩ አዲስ ጉልበት አልፈለገም፤ ተራራው የወሰደበትን ለማስመለስ ነበር የለፋው። ያ የቱርቦ ፈተና የተካሄደው የእኛን ደጋ በሚመስል ቦታ፣ የእኛን ችግር ለመፍታት ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ የመኪና እሽቅድምድም ይካሄዳል። መነሻው 2860 ሜትር ላይ፣ መድረሻው 4300 ሜትር ላይ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 156 ኩርባ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው ሰባስቲያን ሎብ ሁለት ቱርቦ በተገጠመለት የፔዦ መኪና በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጣው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የሰበረው ሮማን ዱማ የነዳው የፎልክስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በ0.6 ባር የተስተካከለ ቱርቦ ገዛን እንበል። ይህ 0.6 በዳሽቦርዱ ጌጅ ላይ የምናየው፣ ከአካባቢው አየር በላይ የተጨመረው ግፊት ነው። ባሕር ወለል ላይ ሞተሩ በጠቅላላው 1.6 ባር ያገኛል። 3000 ሜትር ላይ ጌጁ ያንኑ 0.6 ያሳያል፣ ሞተሩ የሚያገኘው ግን 1.3 ባር ነው። ኮምፕሬሰሩ በበኩሉ ታች ላይ አየሩን 1.6 ጊዜ ነበር የሚጠቀጥቀው፤ ላይ ግን ከ0.7 ተነስቶ 1.3 ለመድረስ 1.86 ጊዜ ያህል መጠቅጠቅ አለበት። ማለትም ቱርቦው የበለጠ ለፍቶ ያነሰ ይሰጣል።

ሲለፋ ደግሞ አየሩን ያሞቃል። አየር ሲጠቀጠቅ መሞቁ አይቀርም፤ ብስክሌት በእጅ ነፍቶ የሚያውቅ የፓምፑን ጫፍ ነክቶ አይቶታል። ደህና ቱርቦ በዚህ ሁኔታ 15 ዲግሪ ሆኖ የገባውን አየር ወደ 95 ዲግሪ አድርሶ ያስወጣዋል። የሞቀ አየር ይሰፋል፣ በሊትር ያለው ክብደትም ይቀንሳል። ሙቀቱንና ግፊቱን አንድ ላይ ስናሰላው የምናገኘው ውጤት የሚገርም ነው፤ 1.3 ባርና 95 ዲግሪ ያለው አየር በሊትር የሚመዝነው በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ፣ ያለ ምንም ቱርቦ ያለው አየር የሚመዝነውን ያህል ነው። 0.6 ባር የሚሰጥ፣ ኢንተርኩለር የሌለው ቱርቦ ነፋስ መውጫ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መኪናውን ወደ ጅቡቲ ወደብ ያወርደዋል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። በካታሎጉ ላይ የተጻፈው ጭማሪ ሁሉ ከፍታውን ለማካካስ አለቀ።

እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር የፋብሪካው መሐንዲስ ካሰበው ስላልበለጠ ፒስተኑና ቴስታታው የተሠሩለትን ጫና ነው የሚሸከሙት። ለደጋ መኪና ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም። አደጋው የሚጀምረው ባለንብረቱ «ቱርቦው ብዙም አልጨመረም» ብሎ ዌስትጌቱን ሲያስጠብቅ ነው። ሞተሩ ታች ላይ ያገኝ የነበረውን 1.6 ባር ነፋስ መውጫ ላይ እንዲያገኝ ከተፈለገ ኮምፕሬሰሩ 2.3 ጊዜ መጠቅጠቅ አለበት። አየሩ ከ125 ዲግሪ አልፎ ይወጣል፤ ሻፍቱ ከተሠራለት ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል። ያው መኪና ጭነት ይዞ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ የተጠበቀው ዌስትጌት ከሚገባው በላይ ግፊት ወደ ሞተሩ ይለቃል።

ስለዚህ ቱርቦ ስንገመግም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ?» ሳይሆን «በስንት እጥፍ ሲጠቀጥቅ፣ በደቂቃ ስንት ኪሎ አየር ያሳልፋል?» የሚለው ነው። ስም ያላቸው አምራቾች፣ እንደ ጋሬት፣ ቦርግዋርነር፣ አይኤችአይ ያሉት፣ ለኮምፕሬሰሮቻቸው ይህን የሚያሳይ ንድፍ ያዘጋጃሉ። በንድፉ ላይ በአንድ በኩል የመጠቅጠቂያው እጥፍ፣ በሌላ በኩል የአየሩ መጠን አለ፤ መሐሉ ላይ ቱርቦው በትንሹ ሙቀት የሚሠራበት ቦታ ይታያል። ለ1ኤችዜድ በ2000 ዙር፣ በ3000 ሜትር ላይ፣ ንድፉ የተሠራው ለባሕር ወለል አየር ስለሆነ፣ 4.3 ኪሎውን ለ0.7 አካፍሎ፣ 1.86 እጥፍና በደቂቃ 6 ኪሎ ገደማ ያለውን ነጥብ ንድፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ነጥቡ በግራ ጠርዝ ካረፈ አየሩ ወደኋላ እየተመለሰ ቱርቦው ይንተፋተፋል፣ ክንፎቹም ይጎዳሉ። በቀኝ ጠርዝ ካለፈ ቱርቦው ታንቆ ከአየር ይልቅ ሙቀት ያመርታል። መሐሉ ላይ ካረፈ ግዢው ተገቢ ነው። ንድፉን ማቅረብ የማይችል ሻጭ የሚሸጠው ቱርቦ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ መሆኑን ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለ መጠን የሚነሳው ሌላው ጉዳይ ኩርባ ነው። ትልቅ ቱርቦ ትልቅ ጉልበት አለው፣ ግን ለመንቃት ብዙ ጭስ ይፈልጋል። ቀጥ ባለ አስፋልት ሞተሩ በ3000 ዙር ሲሄድ ይህ አይታወቅም። የጋይንት መንገድ ግን ኩርባ ተከትሎ ኩርባ ነው፤ ሾፌሩ በእያንዳንዱ ላይ ነዳጁን ለቆ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ በ1400 ወይም በ1500 ዙር እንደገና መነሳት አለበት። በዚህ ዙር የማይነቃ ቱርቦ በትክክል ሲፈለግ የለም ማለት ነው፤ እስኪነቃ ድረስም የአየር መንገዱን የዘጋ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለዳገት ተርባይኑ አነስ ያለ፣ ከ1500 ዙር በፊት መንፋት የሚጀምር ቱርቦ ይመረጣል፤ በላይኛው ዙር የሚጎድለው ትንሽ ጉልበት በዚያ መንገድ ማንንም አይቆጭም።

ኢንተርኩለርም እንዲሁ ከዳገቱ አንጻር ነው የሚታየው። ተጠቅጥቆ የሞቀውን አየር ከ95 ዲግሪ ወደ 45 ካወረደው አየሩ በሊትር 16 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ኢንተርኩለር የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት ነፋስ ነው፣ ጭነት የያዘ መኪና ደግሞ ረጅሙን ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው የሚወጣው። ራዲያተሩ ፊት የተደረደረ ትልቅ ኢንተርኩለር በዚህ ፍጥነት ራሱ በደንብ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ነፋስ ይሻማል። የሳሳ አየር ሙቀትም የሚወስደው በትንሹ ነው፤ ውሃው ነፋስ መውጫ ላይ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሲታሰብ የራዲያተር ክዳንና የፋን ጤንነት ከቱርቦው እኩል ሊመረመር ይገባል።

ወደ 1ኤችዜድ ልመለስ፤ ይህ ሞተር ለማስተማሪያ የተመቸ ነው። ናፍጣው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ አይረጭም። ቴስታታው ላይ ባለች ትንሽ ጓዳ ውስጥ ይረጭና ነበልባሉ በጠባብ ጉሮሮ በኩል ወደ ፒስተኑ ይወጣል። ይህ አሠራር ድምፁን ያለዝባል፣ ሙቀቱን ግን ቴስታታው ላይ ያከማቻል። የመጭመቂያ ልኩም ከፍተኛ ነው፤ ከ22 ለ1 ይበልጣል። ቶዮታ ራሱ በዚሁ መጠን ባለቱርቦ ሞተር ሲፈልግ 1ኤችዲቲ የተባለውን ሠራ፤ ናፍጣው በቀጥታ የሚረጭበትና ልኩ ወደ 18.6 የወረደ። ፋብሪካው እዚያ ላይ ልኩን ዝቅ ያደረገው ቱርቦ የሚጨምረውን ጫና ስለሚያውቅ ነው። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ የሚያስገጥም ሰው ፋብሪካው ያልወሰደውን አደጋ በራሱ ገንዘብ እየወሰደ ነውና በልክ ይውሰደው። አውስትራሊያ ውስጥ ለዚህ ሞተር የሚሸጡ የቱርቦ መግጠሚያዎች ብዙ ናቸው፤ ግፊቱን አለዝበው ከያዙት ጋር ሞተሩ ለዓመታት ይሠራል። ግፊትና ናፍጣ የተጨመረበት ግን ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል።

ይህን አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ የጭስ ሙቀት መለኪያ። ማኒፎልዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ የሚገባ ዘንግና ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ጌጅ ነው። ከተርባይኑ በፊት ያለው ሙቀት በረጅም ዳገት ላይ 700 ዲግሪን አልፎ ሲቆይ ሾፌሩ እግሩን ማንሳት ወይም ማርሽ መቀነስ አለበት። የግፊት ጌጅ ገዝቶ የሙቀት ጌጅ ያልገዛ ሰው የሚያየው ደስ የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ገበያው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወስን፣ በእጃችን ያሉት የናፍጣ መኪኖች ዕድሜ እየረዘመ፣ የመለዋወጫቸውም ፍላጎት እየከበደ እንደሚሄድ ግልጽ ሆነ። የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ጋራዦች የሚጠቀሙበት ቱርቦ ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ፣ በመርካቶና በሱማሌ ተራ በኩል ያልፋል፤ አዲስ፣ ያገለገለ፣ የታደሰና የተመሳሰለ አንድ መደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ኦርጅናል የዱባይ ነው!» የሚለውን ቃል ትቶ ዕቃውን በእጅ መመርመር ይቻላል።

የኮምፕሬሰሩን አፍ ወደ ራስ አዙሮ የሻፍቱን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መያዝ። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፉት ምንም የሚታወቅ እንቅስቃሴ ሊኖረው አይገባም፤ የሚፈቀደው ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ አይበልጥም፣ ይህንን ጣት አይለየውም። ወደ ጎን ሲወዘውዙት ግን ጥቂት ቢንቀሳቀስ አያስደንግጥ፤ የተለመደው ዓይነት ቱርቦ ዘይት የሚገባበት ክፍተት ያስፈልገዋልና ደረቅ ሳለ ይህ ክፍተት ይሰማል። ክንፉ የቤቱን ግድግዳ ከነካ ግን አለቀ። ከዚያ በባትሪ መብራት የክንፎቹን ጠርዝ ማየት ነው። አዲስ ክንፍ ጠርዙ ስለታም ነው። በአቧራ የተበላ ክንፍ ጠርዙ ይደንዛል፣ ፊቱም እንደ ተሞረደ ይሻክራል፤ ይህ ያለ ደህና ፊልትሮ ሲነዳ የኖረ መኪና ምልክት ነው። በተርባይኑ በኩል የዌስትጌቱ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩን ማየት፣ ሻፍቱ ሙቀት በልቶት ሰማያዊ መልክ እንዳልያዘ ማረጋገጥ። አዲስ ነው በተባለው ላይ ደግሞ የክንፉ ነት ወይም የመዘውሩ ጀርባ ላይ ትንንሽ የመፈልፈል ጠባሳ መፈለግ፤ ሚዛኑ በማሽን ሲስተካከል የሚቀር ምልክት ነው። በደቂቃ 100,000 ዙር የሚሽከረከር ዕቃ ሚዛኑ ካልተስተካከለ ዘይቱን አፍርሶ ራሱን ይፈጫል።

ደህና ቱርቦ ገዝቶ በመጥፎ አገጣጠም መግደልም የተለመደ ነው። ዘይት የሚያመጣው ቧንቧ ንጹሕ፣ የሚመልሰው ደግሞ ሰፊና ያለ እጥፋት ቁልቁል የሚወርድ መሆን አለበት፤ የሚመለሰው ዘይት ከታገደ በማሸጊያው አልፎ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይገባና ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ጥፋቱም በቱርቦው ይሳበባል። የአርብ ገበያ አካባቢ የበጋ መንገድ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ፊልትሮና የቱቦ ማያያዣው የጠበቀ ካልሆነ ክንፉን አሸዋ እንደሚበላው ይበላዋል። የዘይት መለወጫ ጊዜም ማጠር አለበት፤ ቱርቦ ዘይትን ያበስላል። ረጅም ዳገት ጨርሶ ነፋስ መውጫ ቁርስ ቤት ፊት የቆመ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የለበትም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ የጋለው ተርባይን ግን ሙቀቱን ወደ ሻፍቱ መላኩን ይቀጥላል፤ የቆመው ዘይት እዚያው ከሰል ይሆናል።

ከተገጠመ በኋላ ዋጋ ያለው ፈተና ዳገቱ ነው። አንድ የታወቀ ዳገት መርጦ፣ ከመግጠሙ በፊትና በኋላ፣ በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ማርሽ፣ በተመሳሳይ የቀኑ ሰዓት መውጣትና ጊዜውን፣ የግፊቱን፣ የጭሱንና የውሃውን ሙቀት መመዝገብ። ለአዲስ አበባ የፍጥነት መኪና ወዳጆች ግን አንድ ነገር ልጨምር። የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን የሚያወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል «የታረመ» ነው፤ በ2400 ሜትር ላይ ይህ እርማት የተለካውን በ30 በመቶ ገደማ ሊያሳድገው ይችላል። እርማቱ የተሰላው ቱርቦ ለሌለው ሞተር ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታውን በከፊል ራሱ አካክሶታልና፣ እርማቱ ሲደረግበት ያልነበረ ጉልበት ይጨመርለታል። ሁለት ቱርቦ ሲወዳደሩ መጠየቅ ያለበት ያልታረመው ቁጥር ነው።

ቱርቦ የማይገጠምባቸው መኪኖችም አሉ። የፍሬኑ ሸራ ያለቀ፣ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት የጭነት መኪና በፍጥነት ከወጣ በኋላ ያንኑ ጭነት ይዞ ወደ በሽሎ በኩል መውረድ አለበት፤ ቱርቦ ቁልቁለት ላይ ምንም አይረዳውም። አይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ስም የወጣለት በሚያደርሰው አደጋ እንጂ በጉልበት ማነስ አይደለም። እንደዚሁም በየወረዳው እናቶችን ከቆላ ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሰው ረጅሙ ሀርድቶፕ አምቡላንስ። መንገድ ላይ መቆም የማይችል መኪና ነውና፣ ከማንኛውም ጭማሪ በፊት ያለውን ማስተካከል ይቅደም፤ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ መለወጥ፣ ኖዝሎቹን አስፈትሾ የሚረጩበትን ማረም፣ የፓምፑ የከፍታ ማካካሻ መሥራቱን ማረጋገጥ፣ ማካካሻ ከሌለው ናፍጣውን ለ3000 ሜትር ልክ ማስቀነስ። ይህ ብቻ ጭሱን ይቀንሳል፣ የሞተሩን ሙቀት ያወርዳል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ከዚህ በኋላ ዳገቱ አሁንም ካስቸገረ፣ ግማሽ ባር የምትሰጥ፣ ከ1500 ዙር በፊት የምትነቃ ትንሽ ቱርቦ ከሙቀት ጌጇ ጋር ትታሰብ።